ታዴ የሚጠግናት ካምፐር

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ካምፐሯ ደግሞ አፈሰሰች። አልጋው ላይ፣ በኔ በኩል። ድስት ደቅኜ ጥግ ላይ ተኮራምቼ አደርኩ። ታዴ ገና ሳይነጋጋ መሰላል ተውሶ ጣሪያው ላይ ወጥቷል። ከላዬ ኮቴው ይሰማኛል። ሲሊኮን እየቀባ ያንጎራጉራል። ደስ ብሎታል። ባለቤቴ የሚጠገን ነገር ካገኘ ቁርስም አያምረው።

አንቺ ደብተር ገና አዲስ ነሽና ልንገርሽ። አሠሪዬ የነበሩት አሮጊት፣ ሲኞራ፣ ካረፉ ወዲህ ቤታችን ይቺ አልጋና ምድጃ ያላት መኪና፣ ካምፐሯ ናት። እሳቸውን ብዙ ዓመት አስታምሜአለሁ። እዚያው ቤታቸው ነበር የምንኖረው፤ እኔ ባዳንቴ፣ ማለት አስታማሚ፤ ታዴ የአትክልቱና የግቢው ሰው። መጨረሻቸው ላይ የገዛ ልጃቸውን አያውቁትም ነበር። ሲሞቱ ልጅየው ቤቱን ሸጠ። ግቢ ውስጥ ቆማ የዛገችውን ካምፐር ግን ውሰዷት አለን። ክፉ ሰው አይደለም። ሞተሯ እያሳለ እዚሁ ሮም ቶር ፒኛታራ ሰፈር ድረስ አመጣንና እዚህ አጥር ሥር ጸጥ አለ። ያው ቆመናል።

ታዴ በጉብዝናው የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ተሳቢ ይነዳ ነበር። መኪና ውስጥ መኖር ለሱ ድሮ የለመደው ነው። ለኔ ነው አዲሱ።

ሥራ ረፈደብኝ። የደረጃ ጽዳት፣ ከሰዓት ደግሞ አንድ ሽማግሌ ጋ። እርጥብ ካልሲ አድርጌ ልሄድ ነው።


ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ማታ

ዛሬ ጥሩ ቀን። ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

የውኃ መሳቢያዋ ከከረመችበት ተነሳች። ታዴ ሆዷን ከፍቶ፣ ቆሻሻዋን ጠርጎ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ ጎማ ሠራላት። ቧንቧውን ስከፍት ውኃ መጣ! በጎድጓዳ ሳህን ከመታጠብ ተገላገልኩ። እንደ ሙሽራ ፊቴን ታጠብኩ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያየኛል። ኩራቱ!

ሽንት ቤቱን ግን አሁንም እኔ ነኝ የምደፋው። ሣጥኑን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ፣ ሰው እንዳያየኝ። ቤተ ዘመድ ሮም ትኖራለች ይለኛል።

ግድግዳው ሻጋታ አውጥቷል። በኮምጣጤ ፈተግኩት። ነገ ይመለሳል።


ኅዳር 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሮማን ለብቻዬ ጠራችኝ። ሮማን የአስመራ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ነው የተማረችው። ጓደኛዬ ናት፣ አሁን ያለችው ብቸኛዋ። አናኚና አጠገብ፣ ሰላም ፓላስ በሚሉት ስደተኛ በሞላው ሕንፃ ነው የምትኖረው።

ሥራ አግኝታልኛለች። ፊሳ፤ ማለት አዳሪ። አንዲት አሮጊት፣ ሀብታም ቤተሰብ፣ የራስ ክፍል፣ ማሞቂያ። ውል ይፈርማሉ። በዚያ ውል ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አሳድሳለሁ፤ አለዚያ ወዮልኝ። ብቻ ላንድ ሰው ነው። ባል አይገባም። እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምወጣው።

ላስብበት አልኳት። ለታዴ አልነገርኩትም። ነገ ጾም ይገባል፣ እሱን ሰበብ አድርጌ ለሌላ ቀን አቆየሁት።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ዝናብ የለም። ታዴ ጣሪያው ላይ ነው። ምን ትሠራለህ አልኩት። ዛሬ ያቺን ቀዳዳ ልጀምራት ነው አለ።

ልጀምራት?

መሰላሉ ላይ ወጥቼ አየሁ። ሲሊኮኑ ባንዱ ቦታ ተከምሯል፤ ያቺው ቀዳዳ፣ በላይ በላዩ፣ እንደ ጉብታ። ሌላው ስንጥቅ ሁሉ አፉን ከፍቷል። ቀብተኸዋል እኮ አልኩት። ተቆጣ። እሱ አይቆጣም ነበር። መኪና አታስተምሪኝ አለኝ።

ደክሞት ነው። ብርድም አለ። ሰው በብርድ ይዘነጋል።

ሲኞራ የጀመራቸው በጨው ነበር። ፓስታው ውስጥ ጨው ይጨምራሉ፣ ደግመው ይጨምራሉ። ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም።


ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ማታ

የጽዮን ማርያም በዓል። አላነገሥኩም።

ከቤ/ክ በፊት ቪያ ቮልቱርኖ ሐበሻ ሱቅ ወርዶ በርበሬ እንዲገዛ ነበር የላክሁት። ቀረ። ስልኩ ተዘግቷል። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልገባ ቆምኩ። በመጨረሻ ባለ ሱቁ ደወለልኝ፤ ሐበሻ ነው፣ ያውቀናል። እትዬ ቶሎ ይምጡ፣ ጋሼ ታደሰ ትንሽ ተደናግጠዋል አለኝ።

ሄድኩ። ወንበር ላይ አስቀምጠውት ሻይ ይዟል። መኪናውን የት እንዳቆመ ጠፍቶበት መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ሲጠይቅ ነበር አሉኝ። ተሳቢው ሙሉ ጭነት ነው፣ ይዘርፉኛል ሲል። በአማርኛ። ጣሊያኖቹን።

እኔን ሲያይ ተነሳ። አሎራ፣ እንሂድ አለ፣ ምንም እንዳልሆነ። ትራም ላይ እጄን ያዘኝ። በርበሬውን ገዝቶታል፤ ኪሱ ውስጥ አገኘሁት።

አሁን ስሙን ልጻፈው ወይስ አልጻፈው? በዚያ በሽታ እንጀራዬን በልቻለሁ። እያንዳንዷን ደረጃ አውቃታለሁ። እንደ ጸሎት በቃሌ አውቃታለሁ።

አልጽፈውም።


ኅዳር 25፣ ሐሙስ፣ ሆስፒታል፣ ከሰዓት

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

የሽማግሌው ልጅ መጥታ ስለነበር ቶሎ ለቀቀችኝ። እንደወትሮው ቢሆን ማታ ነበር የምመለሰው። በሩን ስከፍት ሙቀት መታኝ። ሙቀት! እኛ ቤት! ምድጃው ሁለቱም በኩል ይነዳል። ታዴ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ጠራሁት። አይመልስም። ከንፈሩ፣ ጉንጩ ቀልቷል፣ ያማረበት ይመስላል። ራሴ ዞረ።

ያኔ አየሁት። ከምድጃው ሥር ያለው የአየር መግቢያ ቀዳዳ በፎም ተደፍኗል። የጣሪያውም። የበሩ ግርጌ። ነፋስ የሚገባበትን ሁሉ እየፈለገ ደፍኖታል፣ አንድ ሳያስቀር፣ አሳምሮ። እንዳይበርደኝ።

እሳቱን አጠፋሁ። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት። ከበድ ይላል። ጮህኩ። ማዶ ፍራፍሬ የሚሸጠው የባንግላዴሹ ሰውዬ ሮጦ መጣ፣ እግሩን ያዘልኝ፣ አስፋልቱ ላይ አወጣነው። አስመለሰው። ዓይኑን ገለጠ። አምቡላንሱን የጠራው ያ ሰውዬ ነው። እኔ ስሜንም አላስታወስኩ።

የምድጃው ጋዝ መርዞት ነው፤ አሁን ኦክስጅን ተደርጎለታል። ይተርፋል አሉኝ። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አለችኝ ዶ/ሯ፣ ብላም ጭንብሉን ልታስተካክልለት ዞረች።


ያው ቀን፣ ምሽት ላይ

ዶ/ሯ ወጣት ናት፣ ለስላሳ። ጭንብሉን ስታወርድለት ጥያቄ ጠየቀችው፤ እኔ አስተርጓሚ። ዓመቱን ጠየቀችው። ነገራት፣ በኛ አቆጣጠር። ራሷን ነቅንቃ ጻፈች። ወሩስ? ኅዳር አለ። ቀኑንም ጨመረ። እንደገና ልትጽፍ ስትል ዘልዬ ተነሳሁ፤ ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ የኛ አገር ቀን ነው አልኳት። ሳቀች። ሰረዘችው። እኔም ሳቅሁ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ፣ ተስፋ አድርጌ፣ እንደ ልጅ።

ከዚያ እኔን አሳየችውና ይቺ ማን ናት አለችው።

አየኝ። ፊቴን በደንብ አየው።

«የሲኞራ ሠራተኛ ናት» አለ። «ጥሩ ሴት ናት።»

ስሜ ጥሩነሽ ነው። ጥሩዬ ነበር የሚለኝ። ዶ/ሯ ትርጉሙን ትጠብቃለች። ሚስቴ ናት አለ ብል ማን ያውቃል? ከአፌ ሊወጣ ነበር። ግን ለሐኪም አይዋሽም። እንዳለው ተረጎምኩት። ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠችና ትከሻዬን ያዘችኝ።


ኅዳር 29፣ ሰኞ

ተመልሰናል። ወዴት ሌላ።

ፎሙ እንደ ድንጋይ ደርቋል። በቢላ እየፈለፈልኩ ቀዳዳውን ሁሉ ከፈትኩ። ታዴ ባትሪ ይዞ ያበራልኛል። ማነው ይህን የደፈነው አለኝ። እንጃ አልኩት። ሥራውን ግን ይችልበታል አለ።

ጋዙን፣ ያቺን ቦምቦላ፣ ለፍራፍሬ ሻጩ ሰጠሁት። ውሰደው፣ አልፈልገውም። ስለዚህ ትኩስ ነገር የለም። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የጣሳ ባቄላ። ጾም ነው ብዬ እጽናናለሁ። ውጪው ከውስጡ ይሞቃል።

ማኅበራዊ ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ ትሕትና አላት። ማደሪያ አለ፣ ተራ ከደረሰን፤ እሱ የወንዶች፣ እኔ የሴቶች፣ ከከተማው ወዲያና ወዲህ። ጠዋት ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ማን ያስገባዋል ማታ? መንገዱን ማን ይነግረዋል? ይህን በጣሊያንኛ መናገር አቃተኝ። ግራትሲዬ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።


ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ የድሮው ታዴ ራሱ ነው። ሙሉ ቀን ራሱ ነበር። ከሱ ጋር እንዲህ ያወራሁት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ሮማን ደውላ ነበር፤ ሰዎቹ መልስ ይፈልጋሉ። ሰምቶኛል። ስልኩን ስዘጋ ምንድነው አለኝ። ነገርኩት።

«ሂጂ» አለ።

«አንተስ?»

«እኔ መኪናዬን እጠብቃለሁ።»

«ታዴ፣ አትችልም።»

ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ሲሊኮን ሲልጥ ቆየና «ሲኞራን እንዲህ ነበር የጀመራቸው፣ አይደለም?» አለኝ።

ያውቃል። እኔ ስደብቀው እሱም ሲደብቀኝ ከርሟል።

«አዎ» አልኩት።

«እሳቸው ግን አንቺ ነበርሽላቸው።»

«አንተስ ማን አለህ? እኔ የት ሄድኩ?»

«አንቺማ ለሥራ ነው የተፈጠርሽው» አለና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ከአፉ ላይ ሳይወርድ አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ የሞተች ጊዜ ነው። አቀፍኩት። ብርድ ልብሱ እርጥብ ነው። ሁሉም ነገር እርጥብ ነው።


ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ፣ ማለዳ

ትላንት ሥራ ላይ ሆኜ ወጥቶ ጠፍቶ ነበር። ፍራፍሬ ሻጩ ከሐዲዱ ዳር አገኘው። ዳግመኛ አልችልም። የሰውየው ቸርነትም ያልቃል።

ጓጉንቸር ገዛሁ። የካምፐሯ የፊት በሮች ከዛጉ ቆይተዋል፣ አይከፈቱም። መውጫው የኋላው በር ብቻ ነው። ማያያዣውን በውጪ በኩል የገጠመው ማን ይመስልሻል? እሱ። አስተካክሎ ለካ፣ በሳ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ደጋግሞ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው። ከዚህ ወዲያ ሌባ አይደፍራትም አለኝ። እንዴት ያለ ቆንጆ ሥራ! እጁ ምንም አልረሳም።

ውኃና ዳቦ አስቀምጬለታለሁ። መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ። እሳት የለም፣ ጋዝ የለም።

ሲኞራን አንድ ቀን ቆልፌባቸው አላውቅም። ልጃቸው ቆልፊ ሲለኝ እንኳ ነውር ነው ብዬዋለሁ።

አውቶቡሱ እየመጣ ነው። ቆለፍኩ። ጌታ ሆይ ቆለፍኩ።


ያው ቀን፣ ማታ

ስመለስ ከውጪ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ድምፅ የለም። ከፈትኩ።

የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮቱን ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ። ዳቦው አልተነካም። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ጠዋት ትቼው ስወጣ የተቀመጠ ይመስለኛል። አልጮኸም። በሩን አልደበደበም። ዝም ብሎ ጠብቋል።

«ኬላው አልተከፈተም» አለኝ በሹክሹክታ፣ ሌሎች ሾፌሮች እንዳይሰሙን ይመስል። «ብዙ መኪና አለ ከፊታችን። ትዕግሥት ነው።»

ልብሱን ቀየርኩለት። ሰውነቱን አጠብኩት፣ በዚያ ራሱ በጠገናት መሳቢያ ውኃ፣ ቀዝቃዛ። እንደ ሕፃን እጁን አነሳልኝ። ሲኞራን እንዳጠብኩ ነው ያጠብኩት፤ ሌላ አላውቅም።

ለሮማን ደወልኩ። ያን ሥራ አልፈልግም አልኳት። ፔርሜሶሽስ አለች። ይቅር። ከዚያ ክፍሏን በመጋረጃ ከፍዬ እሰጥሻለሁ አለች። መስኮቱ በኔ በኩል ነው፣ ጨለማ ነው የምሰጥሽ፤ ሊፍት የለም፤ ግን ኮሪደሩ ሙሉ ቀን ሰው አለበት፣ ሥራ ስትሄጂ የሚያየው አይጠፋም። መኪናዋን ግን እዚያ ማምጣት አይቻልም አለችኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ። ምን እላለሁ።

ይሻላል አልልሽም። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ መጋረጃ አያስቆመውም። ስሜን አይመልስልኝም። ብቻ በር የማልቆልፍበት ቦታ ነው።

ጠዋት እንሄዳለን። የሚይዘውን ቦርሳ ሞልቼለታለሁ። የመፍቻ ሣጥኑን እንዲሸከም እሰጠዋለሁ፣ እጁ ባዶ እንዳይሆን። ካምፐሯን ማን እንደሚጠብቃት ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው ገና አላውቅም።