የዋሻው ቀያይ ላሞች

ጥቅምት 4
ከሓድነት ሰፈር በታክሲ ወደ ቅርስ ጥናት ቢሯችን። የሥራ ባልደረባዬ ኣለምሰገድ ቀድሞኝ ገብቷል። ያገኘውን የዋሻ ሥዕል ፎቶ አሳየኝ። ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ቀያይ ላሞች። የጥንት ናቸው ይላል… ትናንት የተቀቡ ነው የሚመስሉት። ስለ ሥዕሉ በሚያወጣው ጥናት ላይ ስሜ ከስሙ ጎን እንዲገባ ይፈልጋል።
"መጀመሪያ ልየው" አልኩት።
"መንገዱ ተበላሽቷል፣ ሓፍተይ። ፎቶው አይበቃሽም?"
አይበቃኝም።

ጥቅምት 7
ሓወልቲ ሰፈር፣ ከሾፌራችን ከኑርሁሴን ጋር ማኪያቶ። የዋሻውን መንገድ ጠየቅኩት።
"ምን ሆነና? ከአስፋልት አያንስም። እኔን የገደለኝ ያንን ሁሉ ጀሪካን ውሃ መሸከሙ ነው። ጋሼ ኣለምሰገድ ዋሻ ውስጥ መኪና ሊያሳጥብ ነው እንዴ እላለሁ፣ ወላሂ።"
ውሃ ለምን? ቀለም ለመበጥበጥ? እሱ እንዲህ ያደርጋል? ስንት ዓመት አብረን ሠርተን…

ጥቅምት 8
ምሳ ላይ ጣቶቹን አየሁ። ጥፍሩ ሥር ቀይ ነገር።
ወጥ ይሆናል።

ጥቅምት 11
ሳልነግረው ከኑርሁሴን ጋር ሄድኩ። ሥዕሉ እውነተኛ ነው። ቀለሙ ከድንጋዩ ጋር ተዋህዷል፤ አዲስ የተቀባ ነገር የለም። ግን ደብዛዛ ነው፣ ፎቶውን አይመስልም። ከላሞቹ ሆድ በታች ነጭ ጨው ወጥቷል። ውሃ የወረደበት መስመርም አለ።
ያኔ ገባኝ። ውሃ ሲረጩበት ቀለሙ ለጥቂት ደቂቃ ይደምቃል፤ ለፎቶ ያምራል። ሲደርቅ ጨው ከድንጋዩ ይወጣል፤ ቀለሙን ይዞት ይረግፋል። ድሮ እንዲህ ይሠራ ነበር። ዛሬ የሚያደርገው ያለ አልመሰለኝም።
ሐሰተኛ ሥዕል ሥሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 12
ነገርኩት። አልካደም።
"በሄድኩ ቁጥር ረጭቻለሁ።"
"ጨውን አላየኸውም?"
"አይቻለሁ። ታዲያ አንቺን ለምን ያልወሰድኩሽ ይመስልሻል? ካልደመቀ ማን ዞር ብሎ ያየዋል፣ ሥርጉት? ካላዩት ማን ይጠብቀዋል?"
ስሜን እንደማላስገባ ነገርኩት። እሱ ለኃላፊያችን ካልተናገረ እኔ እንደምናገርም።

ጥቅምት 15
እስካሁን አልተናገረም። ጀሪካኖቹ መኪናው ላይ ናቸው… ዛሬ ሄዶ ይሆን?

ጥቅምት 19
ራሱ ተናገረ። ወደ ዋሻው መግባት ተከለከለ። ዛሬ ሳልጠይቀው ፎቶዎቹን በሙሉ ሰጠኝ፤ የመጀመሪያ ቀን፣ ውሃ ሳይነካው ያነሳቸውንም። ደብዛዛ ናቸው። አንዷ ላም ሥር ትንሽ ጥጃ ይጠባል። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የፊት እግሮቹን ከፈት አድርጎ።
ግድግዳው ላይ ጥጃ አላየሁም። በቦታው ያለው ጨው ብቻ ነው።
ኣለምሰገድ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ ጋ ቆሟል።
"አገኘሽው?" አለ።
"አገኘሁት" አልኩ።