አፈ ጉባኤው እና የውዳሴ ምርቃት

ማክሰኞ፣ ማርች 4

በረዶ። አውቶቡስ ዘገየ።

ሶሻል ስተዲስ ክፍል ከባርኔጣ ውስጥ የታሪክ ሰው ስም ያለበት ወረቀት አወጣን። የድሮ የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ደረሰኝ፤ ዊልያም ሌንትሃል። መምህሯ «ኦ፣ እሱ» ብላ ባርኔጣውን ወደ ሌላ ልጅ አሳለፈች። ማርች 21 ክፍሉ ፊት ቆሜ ስለ እሱ አምስት ደቂቃ መናገር አለብኝ። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት ሁሉ ቢደመር አምስት ደቂቃ ይሞላል?

እራት ላይ አባዬ ለእህቴ ለውዳሴ ምርቃት አዳራሽ እንደያዘ ነገረን። ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ፣ ለጁን። «ነርስ ወጣልን» ይላል ለደወለለት ሁሉ። ውዳሴ ምስሯን ትበላለች። ነርሲንግ ካቆመች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ውስጡን ታጸዳለች። ቦርሳዋ ውስጥ መጽሐፍ የለም፤ ቢጫ ሰደርያ ነው ያለው። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ሌንትሃል በ1591 ተወለደ። ጠበቃ ነበር፤ በኋላ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሆነ። ችሎታው መካከለኛ ነበር ብለው ጽፈዋል። ደስ አለኝ።

ውዳሴ በመኪናዋ ከትምህርት ቤት ወሰደችኝ።

«መቼ ነው የምትነግሪው?»

«ሱን፤ በቅርቡ።»

«አዳራሽ ይዟል እኮ።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ ናሆሚ። ፕሊስ፣ አንቺ ብቻ እንዳትናገሪ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላት። እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

እሑድ፣ ማርች 9

በ1642 ንጉሡ ወታደር አስከትሎ ፓርላማው ድረስ መጣ። አምስት ሰዎች ሊያስር። ሰዎቹ ቀድመው በጀልባ አምልጠዋል። ንጉሡ ሌንትሃልን «የት ናቸው?» አለው። ሌንትሃል ተንበረከከ። ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር እዚህ ቦታ የማይበት ዓይን፣ የምናገርበት ምላስ የለኝም አለ። ይቅርታም ጠየቀ።

አልዋሸም። አልተናገረምም። ይሄ እንዴት ይቻላል? ሦስቴ አነበብኩት።

ረቡዕ፣ ማርች 12

አባዬ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። አንድ የሚያውቀው ሰው ተሳፍሮ «ልጅህን አየር ማረፊያ በቢጫ ሰደርያ አየኋት» አለው። እማዬ «ጠይቃታ» አለችው። አልጠየቃትም። ለንስሐ አባታችን ለቀሲስ ኪራኮስ ደወለ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ቀሲስ መጡ። ውዳሴ «ላይብረሪ» ናት። ቤቱን ጠበል ረጩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ እኔን ጠሩኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ እህትሽ የት ነው የምትውለው? አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም።»

ለንስሐ አባት አይዋሽም። ለውዳሴ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ... መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል ጉልበቴ ምንጣፉን ነካ፤ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር የማይበት ዓይን፣ የምናገርበት ምላስ የለኝም።»

ቀሲስ መስቀሉን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ዓይን የለኝም አለች?» አለ አባዬ።

«ምላስም» አሉ ቀሲስ። «ዝም ማለት ከጀመረች ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ከተወለደች።»

«ቆይቷላ።»

እማዬ አማተበች። ሰባት ቀን ጠበል ታዘዘልኝ።

ሰኞ፣ ማርች 17

ሁለተኛ ቀን። አባዬ በጠዋት ከኮካ ጠርሙስ ጠበል ያፈስብኛል። እያፈሰሰ ይጸልያል። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት። ፌርማታው ላይ ጸጉሬ ደረቀ... ማለቴ በረዶ ሆነ። ስነካው ይንኳኳል።

ውዳሴ ሺፍቷ ገና ሳይነጋ ስለሆነ አላየችም።

ረቡዕ፣ ማርች 19

አራተኛ ቀን።

የሌንትሃልን መጨረሻ አነበብኩ። በ1660 አዲስ ንጉሥ ገባ። ሌንትሃል ፈራ። ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ አንድ የድሮ ባልደረባው ምክር ቤት ውስጥ የተናገረውን አውጥቶ መሰከረበት። ሰውየው ተገደለ። ምላስ ነበረው ማለት ነው። ሲሞት መቃብሬ ላይ «ትል ነኝ» ብቻ ጻፉ ብሎ ተናዘዘ።

ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ስለማላውቀው ሰው። እኔስ ስንት ቀን እችላለሁ?

ሐሙስ፣ ማርች 20

አምስተኛ ቀን። ውዳሴ እረፍት ነበረች። ጠዋት ሻወር ቤት በር ላይ አገኘችን። እኔ ተንበርክኬ፣ አባዬ ጠርሙስ ይዞ።

«ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ታማለች። ለቀሲስ ዓይንም ምላስም የለኝም አለቻቸው።»

«ምን ጠይቀዋት?»

አባዬ ወደ ጠርሙሱ አየ። «አንቺ የት እንደምትውይ» አልኩ እኔ።

ውዳሴ ፎጣ አምጥታ ጭንቅላቴን ጠቀለለችልኝ። እየጠቀለለች ነገረችው፤ ሁሉንም፣ ከትምህርቱ ማቆም እስከ ሰደርያው። ፊቱን አላየችውም። አባዬ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የእሷ ነገር ነው። አንተ ቀሲስን ጠየቅህ፣ እኔን አስጠየቅህ። እሷን አልጠየቅሃትም።»

ይሄን ያህል በአንዴ ተናግሬ አላውቅም። አባዬ የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ብጠይቃት እውነት ቢሆንስ...» አለ። አልጨረሰውም። ሥራ ረፈደበት።

ዓርብ፣ ማርች 21

ተናገርኩ። አራት ደቂቃ። መምህሯ «ደፋር ነበር ማለት ይቻላል?» አለችኝ። «አንድ ቀን ነበር። ሌላ ቀን አልነበረም» አልኩ። ጻፈችው።

ቤት ማንም ከማንም አያወራም። ጠበሉ በስድስተኛው ቀን ቀረ።

እሑድ፣ ማርች 30

አባዬ አዳራሹን ሰረዘ። ለደወለለት ሁሉ ምክንያቱን ራሱ ተናገረ፤ ጆሮው ቀላ።

ዛሬ ምሳ ላይ ውዳሴን «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» አላት። ከዐሥር ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነው።

«አምስት ኤ ኤም።»

«ሥራው ይከብዳል?»

«ወገብ ያማል።»

«የእኔም ያማል» አለ። ውዳሴ ሁለተኛ ሳህን ምግብ አነሳች።

ሳህን ሳጥብ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«አንቺስ ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?»

ጠይቆኝ አያውቅም። አሰብኩ። «አላውቅም» አልኩት፤ እውነቴን ነው።

«እሺ። ሲታወቅሽ ራስሽ ንገሪኝ» አለ። ፎጣውን አቀበለኝ። «ቀሲስን አናስቸግር።»