በጭብጨባ የተመረጡ ሊቀመንበር

ለውድ አባቴ ለአቶ ሸምሰዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ሰነበቱልኝ አባባ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የኮምቦልቻ ጠዋት መብረድ ጀመረ ወይ? እማዬስ፣ ያ የዓይኗ ነገር ተሻላት? ታናሼ ሐምዲያስ አሁንም ትጨቀጭቅዎታለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰፈራችን አቢዴል በረዶ በበረዶ ሆኗል። እኔ አረጋውያኑን ስንከባከብ፣ ያሕያም ታክሲውን ሲነዳ ይመሻል። ልጃችን ራንያ በቁመት ልትበልጠኝ ምንም አልቀራት።

ባለፈው ሲደውሉልኝ ዝም ያልኩት ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው እንግዳ ፊት ስለሚያወሩ ነው። አሁን ጎረቤቴ ዓይሻ ወደ አገር ስለምትገባ ይህን በእጅዎ ታደርስልኛለች።

ነገሩ የፓርቲው ነው። የአፍሪካ ቀንድ ሊበራል ኅብረት የኢትዮጵያ ሊቀመንበር ሊያደርገኝ ነው ብለው ሲነግሩኝ ድምፅዎ ፈክቶ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አልሰማሁም። ደስታዎን ማደፍረስ አልፈልግም፤ ግን ሆዴ አላምን አለኝ።

ፓርቲው እንዴት እንደተወለደ ልንገርዎት። መሥራቹ ዶክተር ባርናባስ ዳውንታውን የሚሠራ መሐንዲስ ነው። አምና ለኮሚዩኒቲያችን ሊቀመንበርነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። አኩርፎ ሲወጣ ደጋፊዎቹ ተከትለውት ወጡና ብዙም ሳይቆዩ ፓርቲ ሆኑ። ቶሮንቶ ያሉ የጅቡቲና የኬንያ ሰዎች ሲጨመሩበት ደግሞ ድንበር ተሻጋሪ ተባለ። ኮሚዩኒቲ አልመርጥህም ያለው ሰው ሦስት አገር ሊመራ ተነሣ እንግዲህ።

ደንቡን አንብቤዋለሁ። ስለ ግለሰብ ነፃነት የሚያወራው መግቢያ ምንም አይወጣለትም። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ላዕላይ ምክር ቤት የሚባል አለ፤ አባላቱ በሙሉ እዚሁ ካልጋሪ የተቀመጡ ናቸው። የየአገሩን ሊቀመንበር ይሾማል፣ ይሽራል፣ በሊቀመንበሩም ስም መግለጫ ያወጣል። በመሥራች ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ምክር ቤቱን ራሱን ማን ይሽረዋል ብዬ ጠየቅኩ። ባርናባስ ፈገግ ብሎ «ሲስተር፣ ፖይንትሽን ኖት አድርገነዋል፤ ታይም ስለሌለን ሙቭ ኦን እናድርግ» አለና አለፈኝ። ደንቡም በጭብጨባ ጸደቀ። ሊበራል ነን ባዮቹ ድምፅ መቁጠር ከበዳቸው።

ታዲያ ራሳቸው ለምን ሊቀመንበር አይሆኑም ብዬ ያሕያን ጠየቅኩት። የካናዳ ዜግነት ስላላቸው የአገራችን ሕግ አይፈቅድላቸውም አለኝ። ሕጉ የከለከላቸውን ሊቀመንበርነት በእርስዎ ስም ሊይዙት ነው ማለት ነው። እነሱ እዚህ ሞቅ ባለ ቤት መግለጫ ይጽፋሉ፤ ነገር ሲመጣ የሚጠየቀው ግን ስሙ ከታች ያለው ሰው ነው። ታፔላውም የሚሰቀለው እርስዎ በር ላይ ነው።

ለምን እርስዎን መረጡ? ባርናባስ ሰላም እንኳ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከስብሰባው በፊት ግን ምን እንደታየው እንጃ፣ ከሥራ በመኪናው ሸኘኝና ስለ እርስዎ ይጠይቀኝ ጀመር። የተጣላ ሰፈር ያስታርቃል፣ ከቃሉ የሚወጣ የለም እያልኩ ኮራሁብዎት። ለካ ሰውየው ስም እየገበየ ነው! ያሕያ «አንቺ ደሞ በረዶውንም ትጠረጥሪያለሽ» እያለ ያሾፍብኛል። ያሹፍ፤ ፈርቻለሁ አባባ።

ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው። እኔ የማላምንበት መግለጫ በስሜ አይወጣም ብል የሚያሸንፈው የማን ቃል ነው ይበሏቸው። መልሱን በጽሑፍ ካልሰጡዎት፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ፤ የዓይን ጠብታዋን እንዳታቋርጥ ይንገሯት። ሐምዲያን ናፍቀሽኛል ብላለች ይበሏት፤ የላክሁላትን ጫማ ለሰው እንዳታውስ። ራንያ «አባባን ሃግ አድርጉልኝ» ብላለች፤ እቀፉልኝ ማለቷ ነው። ያሕያም እጅ ነስቷል።

በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል ብለው ነግረውዎታል አሉ። እውነት ነው፣ ስምዎ ሲጠራ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ያሕያም ሳይቀር አጨበጨበ። እጇን አውጥታ እቃወማለሁ ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፏትም። እርስዎ ግን ከሰው አፍ ሳይሰሙ ከእኔው ይወቁት፤ ልጅዎ ናት።

የምትወድዎት መኪያ
ካልጋሪ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.