ካሴት የሚገለብጠው ቴፕ

መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ጤና ጣቢያው ግን ሥራ በዝቶበታል። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ይህን ወንድሜ ታጠቅ እንዲያነብልሽ አልፈልግም። ፊደሉን ያጎላሁት ራስሽ እንድታነቢው ነው።

ወደ ስልክ አስቀጅልኝ ያልሽኝን ካሴት፣ አባዬ ነፍሱን ይማረውና እኔ ሕፃን ሳለሁ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ የላከልሽን፣ አስቀዳሁት። እግራቸውን የማክማቸው ኸሊፋ የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ አሉ። ካርቱም ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ። ጦርነቱን ሸሽተው ሲወጡ ቅያሪ ልብስ እንኳ ሳይዙ፣ አንድ ትልቅ የጃፓን ቴፕ በብርድ ልብስ ጠቅልለው መጡ። የካሴቱን ነገር ባነሳላቸው፣ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አሁኑኑ አምጪው አሉኝ።

መጀመሪያ የአባዬ ድምፅ እንደምናውቀው የታፈነ ነበር። ሲቀዳ የቴፑ ሄድ፣ ድምፁን የሚያነበው ክፍሉ፣ ዘሞ ኖሯል፤ የሚያጫውተውም ልክ እንደዚያው ካልዘመመ አይጠራም አሉኝ። በቀጭን መፍቻ አንዲት ብሎን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ፣ እማዬ፣ አባዬ በሩን ከፍቶ የገባ መሰለኝ። ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከበስተኋላው አህያ ስታናፋ ሁሉ ይሰማል።

ሁለተኛው ፊት ባዶ ነው ብለሽኝ ስለነበር፣ ሲያልቅ ላወጣው ተነሳሁ። ቴፑ ግን ካሴቱን ራሱ ወደ ውጭ ገፋው፣ እንደ ሰው እጅ ገለበጠውና መልሶ ዋጠው። ኸሊፋ በመደነቄ ሳቁ። ሌሎቹ ቴፖች ፊት ሲቀይሩ ሄዱን ስለሚያዞሩት ልኩ ይዛነፋል፤ ይኼኛው ሄዱን ሳይነካ ካሴቱን ነው የሚገለብጠው እያሉ በዐረብኛ ያስረዱኛል። እኔ እሳቸውን መስማት ትቼ ነበር። አባዬ እንደገና ማውራት ጀምሯል።

ስለ ሰርካለም ነው የሚያወራው፤ በአራስ ቤት ስላረፈችው ታናሽ እህትሽ። የፍየል ወተት በጥጥ እያንጠባጠብሽ ስላተረፍሻት ሕፃን ልጇ፣ ስለ እኔ። ስታድግ ብትነግሪያትም ባትነግሪያትም ያንቺ ፈንታ ነው፣ ብቻ ጥላኝ ትሄዳለች ብለሽ አትፍሪ ይልሻል። ኸሊፋ አማርኛ አይሰሙም። ፊቴን አይተው ቴፑን አጠፉና ውሃ አቀበሉኝ።

ለታጠቅ በስልክ የላክሁለት አንደኛውን ፊት ብቻ ነው። ባዶ ነው ስላልሽኝ አልተቀየምሁሽም። እንድሰማው ባትፈልጊ ኖሮ ካሴቱን መቼ ትሰጪኝ ነበር?

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ማውራት ከፈለግሽ እናወራለን፤ ካልሆነልሽም ቡና አፍልቼልሽ አብረን እንጠጣለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ሰርካለም ስትስቅ ማንን ትመስል ነበር? ፎቶ ካለሽ ፈልጊልኝ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ እስክመጣ ድረስ ክፉ አይንካሽ።

የበኩር ልጅሽ