ምስሉ ሳይደርስ ስለተፈረደበት ጥንዚዛ

ጥር ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳችን ሰብል ጥበቃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለቀበሌያችን የዘር መጋዘን፣ ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ፣ ለእድራችን፤ እንዲሁም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን አብዝቶ፣ ወንበርዎን አጽንቶ፣ ይህን የጥር ውርጭ የሚከልልልዎትን የቢሮዎን መስኮት ሳይሰነጠቅ እንዲያቆይልዎ እየለመንሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ድመቴ ሞታለች፤ ወደ እርሷ በኋላ እመለሳለሁ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ሁለት ክረምት ሙሉ ደብቄ የኖርሁትን የራሴን ጥፋት ማስቀደም ይገባኛል፤ እርስዎ በእኔ ላይ የወሰኑት ሁሉ ግማሹ የቆመው በእኔ ውሸት ላይ ነውና። ባለቤቴ አስካለ ማርያም ሦስት ክረምት ከገዛ በጎቻችን ጠጉር ፈትላ ያሠራችው አንድ ባና፣ ወፍራም የጠጉር መደረቢያ፣ ነበራት። ልታርፍ ስትል፣ በአርባዋ ቀን ይህን ባና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ጎጆ ለተጠጉት፣ ዓይናቸው ለጠፋው ለእማሆይ እፀገነት እንድሰጥ አስማለችኝ። እኔም ማልሁ፤ አልሰጠሁም። የአንገቷ ሽታ ስለነበረበት ከገብሱ ጎታ በስተጀርባ ባለው ሳጥን ቆለፍሁበት። እህቷ አመተሥላሴ ስትጠይቀኝም ሰጥቻለሁ፣ ነገር ግን ምጽዋት በስውር ነውና ከእማሆይ ዘንድ ሄደሽ እንዳታነሺው አልኋት። እርሷም አምና በእድሩ ፊት «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ አመሰገነችኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ባለፈው ሐምሌ በመስኮቴ ላይ የምስር ክክ የሚያህሉ ክብ ጥንዚዛዎች አየሁ፤ ጀርባቸው በጥቁር፣ በነጭና በቡናማ የተዥጎረጎረ ነው። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ጸጉራም ትልና እርሱ ጥሎት የሄደው ስስ ቆዳ ተገኘ። በብርጭቆ ከድኜ ለቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ለእየሩስ ወሰድሁላት። ልጅቱ አገላብጣ አየችና «አባባ፣ ይሄ የማውቀው ነቀዝ አይመስለኝም፤ ለወረዳ ልላከው» ብላ በስልኳ አንስታ ላከችልዎ። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ምላሽዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ኔትወርኩ ደካማ ነበርና ከምስሉ በታች ያለችው ክብ ምልክት ገና ስትሽከረከር «ነቀዝ ነው። እርምጃ ይወሰድ» የሚለው መልእክትዎ ገባ። እየሩስ ስልኳን አየች፣ እኔን አየች። በዕድሜዬ ብዙ አዋቂ አይቻለሁ፤ ጥንዚዛን ሳያይ የሚያውቅ ግን ከእርስዎ በቀር አልገጠመኝም።

፪. ሁለተኛው ምስጋና ስለ ክኒኑ ነው። ከመጋዘንዎ የተላከልኝ የነቀዝ ክኒን ከጎታው ገብቶ አፉ በጭቃ እንዲመረግ በአንድ መስመር ተጽፎበታል። ሰው በሚያድርበት ቤት እንደማይደረግ የሚናገር ቃል ግን አልነበረበትም፤ እየሩስም ያን ሰሞን ለስልጠና ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዳ ስለነበር የምጠይቀው አላገኘሁም። የእኔ ጎታ ደግሞ ያለው ከመኝታዬ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ነው። እንደታዘዝሁት አድርጌ፣ በዚያው ቀን የፍልሰታን ሱባኤ ልይዝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ከዚያው ሰንብቼ ስመለስ የጎታዬ ጭቃ ተሰንጥቆ፣ የክኒኑ መርዛም ጭስ ወጥቶ፣ አስካለ ማርያም ከጡት አስጥላ ያሳደገቻት ድመት ከጎታው ላይ ተኝታ ደርቃለች። ጥንዚዛዎቹ በመስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እርስዎ ክኒን ባዘዙበት ቤት ውስጥ ያላደርሁት በእመቤታችን ጾም ምክንያት ነውና፣ ይህን በዓመቱ ሪፖርትዎ ላይ «ከአጋር አካላት ጋር በተደረገ ቅንጅት» ብለው ቢያሰፍሩት ደስ ይለኛል።

፫. ሦስተኛው፣ በጥቅምት በማኅተም ስለመጣው ትእዛዝ ነው። ጠመዥ የተባለው ገብሴ የነቀዝ ምንጭ ስለሆነ ከቀበሌው የዘር መጋዘን እንዲወጣ፣ ጎረቤትም ከእኔ ዘር እንዳይወስድ፣ የበልግ ዘር ከመከፋፈሉ በፊትም ለከብት መኖ እንዲውል ወሰኑ። ይህ ዘር ከአባቴ የተቀበልሁት፣ ውርጭ የማይጥለው ዘር ነው። ለመኖ ከሄደ ዳግም የማገኝበት ቦታ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ «የነቀዝ ቤት» ተባለ። ወፍጮ ቤት ተራ ስይዝ ሴቶቹ ስልቻቸውን ራቅ ያደርጋሉ፤ አንዷማ «ጋሼ፣ እርስዎ መጨረሻ ይፍጩ፣ ለድንጋዩም ይተርፋል» አለችኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

፬. ስለ ጉብኝትዎ ያዘጋጀሁት ምስጋና አለ፤ የጽሕፈት ቤትዎ መኪና ተነስታ ጉብኝቱ እስኪመጣ አቆይቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የተማርሁት ስድስተኛ ክፍልና የቄስ ትምህርት ብቻ ነው፤ ቢሆንም ገበሬ ነኝ። ነቀዝ ቀጭንና ጥቁር ቡናማ ነው፣ ፊቱ ላይ እንደ ወስፌ የሾለ አፍ አለው፣ እህሉን በስቶ ውስጡን ይበላል። ከጎታዬ እፍኝ ገብስ ዘግኜ ከውኃ ጨመርሁት፤ ነቀዝ የበላው ፍሬ ይንሳፈፋልና። አንድም አልተንሳፈፈ። ይኸኛው ጥንዚዛ ክብ ነው፣ ሹል አፍ የለውም፣ ከእህሉ ይልቅ ብርሃን ይወዳል። ጥፋተኛው እርሱ ሳይሆን ልጁ፣ ጸጉራሙ ትል ነው። የሚበላውም ጠጉር፣ ቆዳ፣ ላባና ቀንድ ነው። ብል የምንለው ያችን ብናኝ ቢራቢሮ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ይህም የእርሷን ሥራ ይሠራል።

ይህን ያወቅሁት መቼ ነው ቢሉኝ፣ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ያወቅሁት በነሐሴ ነው፣ ድመቴን በቀበርሁ ሳምንት። ጠዋት ልጸልይ መጽሐፌን ሳወርድ የማኅደሩ ቆዳ ተፍቆ፣ በስፌቱ ውስጥ ያ ጸጉራም ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ገብስ የሚበላ ነገር ቆዳ አይበላም። ጠጉርና ቆዳ የሚበላ ነገር ደግሞ በቤቴ ውስጥ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቁልፉ በአንገቴ ነው። እንግዲህ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ተሳስተዋል ብል ማስረጃው ያለው በሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ሲከፈት ደግሞ ውሸቴ አብሮ ይከፈታል። ስለዚህ አምስት ወር በእርስዎ ስሕተት ጥላ ሥር ተደብቄ ኖርሁ። የነቀዝ ቤት መባሉ መሐላ የበላ ሰው ከመባል ተሻለኝ። የማያውቁትን ማዘዝ የእርስዎ ድርሻ ሆነ፣ የማውቀውን መደበቅ የእኔ፤ በዚህ ተግባብተን ነበር ማለት ነው። ለጸሎት ስቆም ግን የሚመጣብኝ የእርስዎ ማኅተም አልነበረም፤ እማሆይ በኬሻ ተጠቅልለው ማደራቸው ነው።

ዘሩ ሊከፋፈል አንድ ወር ሲቀረው፣ በዚህ በጥር መጀመሪያ እየሩስንና አመተሥላሴን ቤቴ ጠርቼ ሳጥኑን በፊታቸው ከፈትሁት። ክዳኑ ሲነሳ እንደ ገለባ ቀለል ያለ አቧራ ወጣ። ባናው ከእጥፋቱ ላይ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል፤ ትሉ በእያንዳንዱ እጥፋት ይርመሰመሳል፣ የተጣለው ቆዳ ከሥሩ እንደ እብቅ ተከምሯል። የአንገቷ ሽታ አልነበረም። እየሩስ «በቃ፣ ገብሱ ነጻ ነው!» ብላ በደስታ ጮኸችና የእኔን ፊት ስታይ አፏን ያዘች። አመተሥላሴ አልጮኸችም። የእህቷን ባና ጫፍ በሁለት ጣቷ አንስታ ብዙ አየችውና «ምጽዋትህ በእውነትም በስውር ነበር» አለችኝ። ከእርስዎ ማኅተም ሁሉ ይህች ቃል ከበደችኝ።

ከዚያም ያደረግነውን ለወደፊት በራሪ ወረቀትዎ ይጠቅምዎ እንደሆነ ልጻፍልዎ። የተበላውን ግማሽ ቆርጠን ከደጅ አቃጠልን። ሳጥኑን በፈላ ውኃ አጥበን ፀሐይ ላይ ገለበጥነው፤ የግድግዳውንና የወለሉን ስንጥቅ ጠርገን ጥራጊውን ከእሳት ጨመርን። የተረፈውን ባና አራግፈን ብዙ ቀን ለውርጭና ለፀሐይ ሰጠነው፤ የእኛ ውርጭ ሰው የሚገድለውን ያህል ትልም ይገድላል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው መጥረጊያ፣ ድስትና ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ ሰው ነው። ሁለቱን ከራሴ ቤት አገኘሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እየሩስ አይታ በፊርማዋ ያረጋገጠችው ወረቀት ተያይዟልና፣ ዘሬን ወደ መጋዘኑ የሚመልሰው ማኅተም እንደዚያኛው ማኅተም ይፍጠን።

የክቡርነትዎን ፈጣን ጣትና የጽሕፈት ቤትዎን የማትነሳ መኪና በጸሎቴ የማልረሳ፣ በውሳኔዎ ድመቱን፣ በውሸቱ የሚስቱን አደራ ያጣ፣ እርማትዎን በደጁ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ፤

አትናቴዎስ ተገኘ
የነቀዝ ቤት ይባል ከነበረው

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በክብሪት ቀፎ አምስት ጥንዚዛና ሦስት ትል ልኬልዎታለሁ። ሞተዋልና ክኒን አይጨምሩባቸው፤ ኔትወርክም አይፈልጉም። ይለዩልኝ ብዬ ደግሞ አላስቸግርዎትም፣ ተለይተዋል። ትናንት፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ከቅዳሴ በኋላ የተረፈውን ባና ተሸክሜ በምእመኑ ፊት ወደ እማሆይ ጎጆ ሄድሁ፤ መሐላዬንም ውሸቴንም ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ዓይን የሌላቸው እማሆይ እፀገነት ባናውን ተቀብለው ዳር ዳሩን በጣታቸው ዳሰሱና «ይሄ ብል ነው» አሉ። ምስል አልጠየቁም። ቀጥለውም «ልጄ፣ ሁለቱን ክረምት ማን ለበሰው?» አሉኝ። ማንም አልለበሰውም፣ እማሆይ፣ አልኋቸው። ከዚያ ኬሻውን ከትከሻቸው አንስቼ የአስካለ ማርያምን ባና አለበስኋቸው።