በአጎትህ ማሳ ላይ የነደፍከው የጎልፍ ሜዳ

ልጄ ነህምያ፣ ብናደድብህም ጌታ ይጠብቅህ። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ደህና ነን፤ አባትህ ታክሲውን ትቶ ሆቴል ፓርኪንግ ሥራ ገብቷል።

ወገብህን አሞህ ፕሮፌሽናል ጎልፍ ስታቆምና የጎልፍ ሜዳ መንደፍ ስትጀምር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቸርች ሰው ሁሉ ፊት ኮርቼብህ ነበር። ትናንት ግን አጎትህ ሳህሉ ከቢሾፍቱ ኮል አደረገልኝ።

«የሽንኩርት ማሳዬን ለጎልፍ ሜዳ ልቀቅ አሉኝ። ንድፉ የልጅሽ ነው» አለኝ።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩበት። እህትህ ሮሆቦት ግን ስልኳ ላይ ፎቶህን አሳየችኝ፤ ማሳው መሃል ቆመህ ትስቃለህ። አፈርኩብህ!

ሳህሉ ሰኞ እዚያው አገር ቤት ያለው ቢሮህ ይመጣል። ብድግ ብለህ ተቀበለውና «ጋሼ፣ ማሳዎን የምወስደው እኔ ነኝ» ብለህ በራስህ አፍ ንገረው። ይህን ማለት ካቃተህ ንድፉን ቀይረው። እስከዚያ እንዳትደውልልኝ።

ጌታ ልብ ይስጥህ።

እናትህ እታለማሁ