የፋጡማ ፍየል

እሑድ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አባ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያሠራው የአዲሱ ትምህርት ቤት ሥራ እንደቆመ ነገሩን። ያዋጣነው ብር ጉድጓዱን አስቆፍሮ አለቀ፤ ለመሠረቱ ድንጋይ መግዣ የለም። በየቤቱ እየዞርኩ መዋጮ የለመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ፋጡማ ደጃፌ ላይ ጠበቀችኝ። እስላም ሆና ሳለ ለልጅ ልጇ ትምህርት ብላ ፍየሏን ሸጣ የሰጠችኝ እሷ ናት።

«አልማዝዬ፣ ለከርሞ ይደርሳል አይደል?»

«ትንሽ ሳይዘገይ አይቀርም።»

«አቦ ተይኝ፣ ልጁ እኮ ከታይዋን ገበያ የገዛሁለትን ቦርሳ ካሁኑ አቅፎ ነው የሚተኛው» ብላ ሳቀች።

ሥራው መቆሙን ሳልነግራት ገባሁ።

ድሬ ጠብታ የለም፤ የሐረር ተራራ ግን ጠቁሯል። እዚያ ከዘነበ ጎርፉ እኛ ጋ ነው የሚወርደው። ጉድጓዱን አሸዋ ከሞላው፣ ፍየሏ የት እንደገባች እንኳ የማሳያት ነገር አይኖረኝም።